በመድረክ ያየናቸው ሙዚቀኞች ሲያልፉ፦ «አይቼዋለሁ» ብቻ አይበቃም

አንድ ሙዚቀኛ ያረፈ ዕለት ማኅበራዊ ሚዲያው ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ከሩቅ የተነሳ የደበዘዘ ፎቶ፣ የተሰበረ ልብ ምልክት፣ ከሥሩም «በመድረክ ላይ ለማየት ታድያለሁ» የሚል አንድ መስመር። ከዚያ ነፍስ ይማር። ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ በእሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ቅር የሚለኝ ምስክሩ ምስክርነቱን ሳይሰጥ ከችሎቱ መውጣቱ ነው። ምን አየህ? በምን ዘፈን ጀመረ? ባንዱን የሚመራው በዓይኑ ነበር ወይስ በትከሻው? አዳራሹ ጸጥ ያለው የት ላይ ነው? ይህን ሊነግረን የሚችለው እዚያ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

ቅጂው አለ አይደል ወይ የሚል አይጠፋም። ቅጂ የሌለውንስ? በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ፣ ጃዝ ገና ጃዝ ሳይባል፣ በዲ ቦልደን የሚባል ኮርኔት (ትራምፔት መሰል መሣሪያ) ነፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ፤ በ1931 እዚያው እንዳለ ሞተ። እስከ ዛሬ የተገኘ አንድም ቅጂ የለውም። ብሉዝን ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር እያዋሐደ ይጫወት እንደነበር የምናውቀው የሰሙት ሰዎች ኋላ ስለተናገሩ ነው። እርግጥ ነው አጋነዋል፤ ድምፁ ኪሎ ሜትሮችን ተሻግሮ ይሰማ ነበር ያሉም አሉ። ያጋንኑ ግድ የለም። ዝም ቢሉ ኖሮ ሰውየው ጭራሽ እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር።

ቅጂ ኖሮም የሚቀር ነገር አለ። ጌታቸው መኩሪያን እኔ ያየሁት በስተርጅናው ነው። ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ያስጮኸው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ይወጣ የነበረው ጌታቸው። በሸክላም በሲዲም ሲደመጥ ሳክስፎኑ ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ፣ ፋታ የማይሰጥ ይመስላል። ፊት ለፊቱ ሆኜ ያስተዋልኩት ግን ፋታውን ነው። ሸላይ ስንኙን ወርውሮ እንደሚንጎራደደው ሁሉ፣ እሱም አንድ ሐረግ ነፍቶ ከንፈሩን ከመሣሪያው ያላቅቅና ሕዝቡን ቁልቁል ያያል። ምላሽ የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው። ከዚያ አየር ሲስብ ይሰማል፤ ያ አየር ነው ከቀጣዩ ድምፅ በፊት ጠጉር የሚያቆመው። በስቱዲዮ ቅጂ ይህን ፈልጌ አላገኘሁትም። ከአምስተርዳሞቹ የፓንክ (ጩኸታም፣ ዐመፀኛ የሮክ ስልት) ሙዚቀኞች፣ ከዘ ኤክስ ባንድ ጋር አልበም ያወጣው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ብዙ ሰው «ሽለላና ፓንክ ምን አገናኛቸው» ብሎ ተገርሟል። ያንን የትንፋሽ አሳሳብ ያየ ሰው ግን አይገረምም፤ ሁለቱም የጠብ ሙዚቃ ናቸው።

ስለ ዓለማየሁ እሸቴም እንዲሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሲያርፍ አብዛኛው የኀዘን ጽሑፍ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ብሎ ጀምሮ እዚያው ላይ ቆመ። ይህ ቅጽል ስለ አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ስለ ኤልቪስ እንጂ ስለ ዓለማየሁ የሚነግረን እምብዛም ነው። ያየው ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ነው፤ ጩኸቱን ጫፍ አድርሶ ድንገት ወደ ሹክሹክታ ሲያወርደው፣ ባንዱም አብሮ እንዲወርድ በእጁ መዳፍ ብቻ ሲያዝ።

ምስክርነት ሲባል ደግሞ ውዳሴ ብቻ መሆን የለበትም። ጥላሁን ገሠሠ በስኳር በሽታ እግሩን ካጣ በኋላም ዘፍኗል። በዚያ ዘመን ያየው ሰው «እንደ ወጣትነቱ ነበር» ካለኝ አላምነውም፤ ሟቹንም አላከበረውም። ይልቅ የድሮውን ከፍታ ሲያጣ በምን እንደተካው ቢነግረኝ እወዳለሁ። ትልልቅ ድምፃውያን በመጨረሻ ዘመናቸው የሚያሳዩት ብልሃት፣ ቃሉን ማዘግየት፣ ከፍ ያለውን ለሕዝቡ መተው፣ የጎልማሳነት ቅጂያቸው ላይ የለም። ግጥሙ ጠፍቶበት አዳራሹ ሙሉ ያስታወሰው አንድ አንጋፋ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ከዚያ ምሽት ዘፈኖች ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ግን ያንን ነው።

ዕድለኛ መሆናችንን የምናውቀው ደግሞ ሁሌም ኋላ ነው። ቦብ ማርሌ እ.ኤ.አ. መስከረም 1980 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፒትስበርግ ላይ መድረክ ወጣ። ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው የመጨረሻውን ኮንሰርት እያየ መሆኑን በምን ያውቃል? ግማሹ ምናልባት ቢራ ለመግዛት ተሰልፎ ነበር። ማርሌ በቀጣዩ ግንቦት በ36 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ የሚከፋም ዕድል አለ። ኮንጎአዊው ድምፃዊ ፓፓ ዌምባ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 በኮት ዲቯር ከተማ አቢጃን መድረክ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ፤ ጌታቸው መኩሪያ ባረፈ በሃያኛው ቀን። የወደቀበት ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። በዚያ ሌሊት እንዴት ይዘፍን እንደነበር የጻፈ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ድምፃዊት ሚሪያም ማኬባም እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያን ውስጥ፣ ማፊያን ለተጋፈጠ ጸሐፊ ድጋፍ በተዘጋጀ መድረክ ዘፍና እንደጨረሰች ነው ታማ ያረፈችው። በ76 ዓመቷ፣ በሰው አገር፣ ለሌላ ሰው ጉዳይ። ለእኔ ከአሟሟቷ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ስለ ስልክ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎች እንደሚያማርሩት ግን አላማርርም። የተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ የተቆራረጠ፣ ከሚቀርጸው ሰው ጎን ያለችው ሴት ስልቷን ስታ የምትዘፍንበት የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ለእኔ ወርቅ ነው። ከተጣራው ቅጂ የተወገደው ሕዝብ እዚያ አለ። ብቻ ስልኩ ውስጥ ታፍኖ አይቅር፤ ቀንና ቦታ ይጻፍበት።

ከሁሉ በላይ የምንረሳው አጃቢውን ነው። ጌታቸው ራሱ በቴአትር ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ ለአሥርተ ዓመታት ከድምፃውያን ጀርባ የነፋ ሰው ነው። እሱ ቢያንስ በስሙ አልበም አወጣ። ከእሱ ጎን ትራምፔት የነፉት፣ ከበሮ የመቱት፣ ቤዝ የያዙት? ብዙ የድሮ ካሴቶች ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶ እንጂ የእነሱ ስም የለም። እነሱ ሲያርፉ ፎቶ የሚለጥፍላቸውም የለም፤ አይተናቸው እያለ ማን እንደሆኑ አላወቅንማ። እንግዲህ የሚቀጥለው ኮንሰርት ላይ ድምፃዊው ባንዱን ማስተዋወቅ ሲጀምር ወሬያችንን ገታ እናድርግ። አብዛኛውን ጊዜ የቤዝ ተጫዋቹ ስም የሚጠራው አንዴ ነው፣ እሱም በጭብጨባ መሐል። የሰማ ሰው ወዲያው ይጻፈው።