ማሞቂያው ይቆይ፣ መጀመሪያ መስኮቱ ይታይ

ብርድ ባለበት አገር ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ማሞቂያ ሲነሳ ቶሎ የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ዋት ይበቃኛል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ተራው ግን ገና ነው። ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ሳይታወቅ ማሞቂያ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

እስቲ እናስላው። ባለ አንድ መስታወት መስኮት በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የዲግሪ ልዩነት 5.8 ዋት ገደማ ያስወጣል። ቤት ውስጥ 20፣ ደጅ 0 ዲግሪ ቢሆን፣ 2 ካሬ ሜትር መስኮት ብቻውን 230 ዋት ያህል ይበላል። ጥሩ ባለ ሦስት መስታወት 0.8 አካባቢ ነው። ያው መስኮት 32 ዋት ላይ ይቆማል ማለት ነው።

ነገሩ የመስታወት ብዛት ብቻ አይደለም። በመሃል የሚሞላው አርጎን ጋዝ ከአየር ያነሰ ሙቀት ያስተላልፋል። መስታወቱ ላይ ያለው የማይታይ ስስ የብር ቅብ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውስጥ ይመልሳል። ሻጩ "ቅብ አለው" ካለ፣ ሲመሽ ላይተር ለኩሶ ወደ መስታወቱ ማስጠጋት ነው። ብዙ የእሳት ነጸብራቆች ይታያሉ። አንዱ ቀለሙ ከሌሎቹ ለየት ካለ ቅቡ አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ሻጩን መልሶ ማነጋገር ነው።

ማሞቂያ መስኮት ሥር የሚተከለውም ከመስታወቱ ቁልቁል የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር እንዲመክት ነው። መስታወቱ ካልቀዘቀዘ ማሞቂያው የትም ይቀመጥ፣ ያነሰም ይበቃል። በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፓሲቭ ሃውስ፣ ማለትም እጅግ ትንሽ ማሞቂያ የሚበቃቸው ቤቶች፣ ይህን በተግባር አሳይተዋል። የዛሬው የፓሲቭ ሃውስ መስፈርት ለማሞቂያ የሚፈቅደው በዓመት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከደጅ አየር ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ለሚያስቡ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። መሣሪያው ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ወይም 4 ሙቀት የሚያወጣው ወደ ማሞቂያዎቹ የሚልከው ውሃ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲበቃው ነው። ሙቀት የሚያፈስ ቤት 60 ዲግሪ ይጠይቀዋል፤ ያኔ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ቆጣሪው ይሮጣል።

ከላይ እስከ ታች መስታወት ለብሶ "አረንጓዴ" የሚባል ፎቅ ግን አይዋጥልኝም። ምርጡ መስታወት እንኳ በደንብ ከተሸፈነ ግድግዳ ብዙ እጥፍ ሙቀት ያሳልፋል። በጋ ላይ ደግሞ ለማቀዝቀዣ ሌላ ወጪ አለ።

ዋጋ ስትጠይቁ፣ ሻጩ የሚነግራችሁ የሙቀት ማስወጫ ቁጥር የመስታወቱ ብቻ ነው ወይስ ከነፍሬሙ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚነገራችሁ ያማረው፣ የመስታወቱ ነው።