ኪሎን ከሰላምታችን እናውጣ

አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ሐኪም የደም ግፊቷ ከፍ ማለቱን ሲነግራት አመጋገቧን አስተካከለች፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ በእግሯ መምጣትም ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ስድስት ኪሎ ቀነሰች። ግፊቷ ወረደ፣ ደረጃ ስትወጣ ማለክለኳ ቀረ። ከዚያ ለቅሶ ልትደርስ ዘመዶቿ ሰፈር ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ገና አረፍ ከማለቷ አክስቷ አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩና «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ? ፊትሽ እኮ አለቀ» አሏት። አጠገባቸው የነበሩት ሴትዮ ቀበል አድርገው «ቤትሽስ ሰላም ነው?» ሲሉ ጠየቁ። በማግሥቱ ቢሮ ስትገባ ደግሞ አንድ ወጣት ባልደረባችን «ጎበዝ! እንግዲህ ያቺ ቦርጭ ብቻ ናት የቀረችሽ» ብሎ አጨበጨበላት። በዚያው ሳምንት የምሳ ዕቃዋን ቤቷ ትታ መጣች። «ለማን ብዬ ነው?» አለች።

ጥያቄዋ መልስ ይገባዋል። በከተሞቻችን ክብደት ለመቀነስ የተነሣ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ዳኞች ፊት ይቀርባል። አንደኛው ሥጋን የጤናና የደኅና ኑሮ ምስክር አድርጎ ያያል፤ ሁለተኛው የስንፍና ማስረጃ ያደርገዋል። አንዱ ነጻ ያወጣውን ሌላው ይፈርድበታል። ትጋቱን ከእነዚህ ዳኞች ብያኔ ጋር ያሰረ ሰው ወር ሳይሞላው ቢዝል ምን ይገርማል?

አክስትየዋን አልወቅሳቸውም። «ወፍራም እስኪከሳ ቀጭን ይሞታል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ሥጋን ለክፉ ቀን እንደተቀመጠ ስንቅ ቢቆጥረው አያስወቅሰውም። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከዚያም ኤች አይ ቪ መጣ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት እስከጀመረበት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ የከሳ ሰው ሁሉ ይታማ ነበር። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የገባ ጎረምሳ በሰፈሩ ወሬ ተይዞ፣ ተመርምሮና ተቀብሮ ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን መሆናቸውን፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት ግን 8 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ የወፈሩት ድርሻ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። አገሩን በሙሉ ላየ ሰው ግን የአክስትየዋ ሥጋት ቅዠት አይደለም።

ይህ ዳኛ ሕግ የሚያወጣው አራስ ቤት ነው። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ፣ አጥሚቱ፣ ሾርባው፣ እርጎው በላይ በላዩ ይቀርባል። የክርስትናው ቀን አራሷ ጉንጯ ሞልቶ፣ ቆዳዋ ወዝ ጠግቦ ካልወጣች የምትታማው እሷ ብቻ አይደለችም፤ እናቷም አማቷም ይታማሉ። «ምን አብልተዋት ነው?» ይባላል። ያቺው እናት ግን ልጇን እያጠባች ስልኳን ስትከፍት በወለደች በስድስተኛው ሳምንት ሆዷ እንደ ድሮው የተመለሰ ሴት ስትጨፍር ታያለች። ክርስትናው ላይ ያስመሰገናት ሰውነት ስክሪኑ ላይ ያሳፍራታል።

ከምርመራ የሚያመልጥ ከሲታ አንድ ብቻ ነው፤ የሚጾም ሰው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ፊቱ የጎደለ ሰው «በርትተሻል» ይባላል እንጂ «ታመሽ ነው ወይ?» አይባልም። ክብደት መቀነስ ፈልገው ጾሙን መሸፈኛ ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ለማንም መልስ መስጠት የማይጠበቅባቸው ያኔ ብቻ ነውና። (የጾም ምግብ ያከሳል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ዘይት የጠጣ ሽሮ በዳቦና በፓስታ እየታገዘ ያወፈረው ሰው ጥቂት አይደለም።) ፋሲካ ሲመጣ ሽፋኑ ይነሣል። በግብዣ ላይ «በሞቴ!» ተብሎ የቀረበን ጉርሻ መመለስ ምግብን ሳይሆን ሰውን መመለስ ሆኖ ይቆጠራል።

ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጣውም ከዚህ አያመልጥም። እዚያ ለጂም ከፍሎ፣ እንጀራውን ቆጥሮ የቀነሰው ሰው ቦሌ ሲደርስ «እዚያ አልተመቸህም መሰለኝ» ይባላል። ወንዱ ግን እዳው ይቀልለታል። ቦርጩን አስቀድሞ የሚገባ ወንድ ሲቀለድበትም እንኳ ወንበር ይለቀቅለታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዳኛ እንምጣ። ስለ እሱ ሳስብ የምትታወሰኝ ፊጂ ናት። በዚያች የፓሲፊክ ደሴት አገር ደልደል ያለ ሰውነት የተከበረ ነበር፤ ሰው ሲከሳ እንደ እኛው «የሚንከባከበው አጣ» ይባል ነበር። ናድሮጋ ወደተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አን ቤከር ቴሌቪዥኑ በገባ ሰሞንና ከሦስት ዓመት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቀች። በመጀመሪያው ዙር ክብደት ለመቀነስ ብላ ያስመለሰች አንዲትም አልነበረችም። በ1998 ግን ከመቶ 11ዱ ያስመልሱ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ደግሞ ቢያንስ አንዳንዴ «በጣም ወፍራም ነኝ» ብለው ያስቡ ነበር። ይህ ሁሉ የታየው ሳሎን የሚቀመጥ አንድ ቴሌቪዥን ከገባ በኋላ ነው። የእኛ ልጆች ስክሪኑን አልጋ ውስጥ ይዘውት ይተኛሉ፤ ገላን በማጣሪያ የሚያቀጥንና ወገብን በጣት የሚያጠብ መተግበሪያም በእጃቸው አለ።

«ቢያፍር ይሻለዋል፤ እፍረቱ ያነሣሣዋል» የሚሉ አሉ። ያ ወጣት ባልደረባችንም ይህንኑ ያሰበ ይመስለኛል። ይህ ሐሳብ ግን ተፈትኖ ወድቋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ እንግሊዛውያንን ለአራት ዓመታት ተከታትለዋል። በውፍረታቸው ምክንያት መናቅና መገለል ደርሶብናል ያሉት በአማካይ አንድ ኪሎ ያህል ጨመሩ። ይህ ያልደረሰባቸው ደግሞ ከግማሽ ኪሎ በላይ ቀነሱ። ነገሩ ለሚያስብ ሰው አይደንቅም፤ የሚሳቅበት ሰው ሜዳ ወጥቶ አይሮጥም፣ መዋኛ ገንዳ አይገባም፣ ሐኪም ቤት መሄድንም ያራዝማል። ቤቱ ይቀመጣል፤ ቤት ደግሞ ምግብ አለ።

ሙገሳውም ቢሆን መዘዝ አለው። «እንዴት አማረብሽ! ስንት ቀነስሽ?» የተባለች ሴት ትላንት ምን ትመስል እንደነበር አብሮ ተነግሯታል። ኪሎው ሲመለስ ማንም ምንም አይላትም፤ ያም ዝምታ ፍርድ ነው። ኪሎው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረ የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተካፈሉ 14 ሰዎችን ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ ከስድስት ዓመት በኋላ መርምሯቸው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው የነበሩት ሰዎች 41 ኪሎውን መልሰዋል። ከዚህ የባሰም አለ። ሰውነታቸው ዐርፎ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይል በዚያ ቁመትና ክብደት ላይ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ረሃብ የመጣ የመሰለው ሰውነት ምድጃውን ዝቅ አድርጎ ቀርቷል። እነዚህ ሰዎች ሚሊዮኖች እያዩዋቸው ላብ ያፈሰሱ ናቸው፤ ሰነፎች ሊባሉ አይችሉም።

ሴማግሉታይድ የተባለው፣ በሳምንት አንዴ የሚወሰደው የክብደት መቀነሻ መርፌም ያንኑ ነገር ያሳያል። በትልቁ ሙከራ ተጠቃሚዎቹ በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀነሱ፤ መርፌው ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። ውፍረት የምግባር ጉድለት ቢሆን ኖሮ በመርፌ ባልታረመ፣ መርፌው ሲቀር ባላገረሸም ነበር።

በእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚመዝኑ ልጆችን ሥራ ዐልፎ ዐልፎ ቆሜ አያለሁ። ሴትየዋ ቦርሳዋን ለጓደኛዋ ትሰጣለች፤ ጫማዋን ላውልቅ አላውልቅ ትላለች፤ ግራና ቀኝ ታያለች። ሚዛኑ አንድ እግሩ በተሰበረ ንጣፍ ላይ ነው። መርፌው ይወዛወዛል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያነብና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከአጠገብ ያለው ሎሚ ሻጭ ሳይቀር ይሰማል። ያ ቁጥር ቀኗን ያበላሻል ወይም ያሳምራል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልጅ ግን ሌላ ቁጥር ሊያነብላት ይችላል። የሰው ክብደት በትላንት ጨው፣ በወር አበባ፣ በጠጣው ውኃ ምክንያት ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ ኪሎና ከዚያ በላይ ይወጣል ይወርዳል። አመጋገብ በተለወጠበት የመጀመሪያ ሳምንት በፍጥነት የሚወርደውም ብዙው ውኃ ነው፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የነበረው ውኃ ይወጣልና። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ሲቆም ሰው «አልተሳካልኝም» ብሎ የሚተወው ይህን የነገረው ስለሌለ ነው።

የባልደረባዬን «ለማን ብዬ ነው?» የሚል ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ነው። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ የቀረቡ ከ3,200 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። የዚህ ቡድን አባላት በስኳር የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የወሰዱት 31 በመቶ ብቻ ቀነሰላቸው። ሰማንያ ኪሎ ለምትመዝን ሴት 7 በመቶ ማለት ከስድስት ኪሎ በታች ነው። መስታወት ይህን በቅጡ አያሳይም፤ ቦርጭም ገና እዚያው ነው። የልብስ ቁጥሯ ላይለወጥ ይችላል። ደም ሥሯ፣ ጉበቷና ጉልበቷ ግን አውቀውታል። ትጋቱን ከመልክ ጋር ያሰረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ዋናውን ጥቅም ካገኘ በኋላ፣ ምንም ያላገኘ መስሎት ይተወዋል።

ስለዚህ ሰው በሰላምታ ላይ ስለሌላው ሥጋ ማውራት ቢተው እላለሁ፤ ነቀፋውንም ሙገሳውንም። ሥጋት ያደረበት ዘመድ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብሎ በጆሮ መጠየቅ ይችላል፤ አገጭ ይዞ ፊትን ወደ ብርሃን ማዞር አያስፈልግም። ጂሞችም ከበራቸው ላይ የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ፎቶዎችን ቢያወርዱ ጥሩ ነው። እነዚያ ሥዕሎች የ«በኋላ በኋላው»ን አያሳዩም።

ከሁሉ ይልቅ የምከራከረው ከጤና ባለሙያዎች ጋር ነው። ታካሚው ወረፋ ጠብቆ ይገባል፤ ግፊቱ ይለካል፤ «ክብደት ቀንስ» ይባላል፤ ይወጣል። ስንት? እስከ መቼ? በምን? አልተነገረውም። በር ላይ ስልኩን ሲከፍት ግን «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚል የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ያገኛል። ብዙው እንዲህ ያለ ሻይ የሚሠራው እንደ ሰና ያለ የሚያስቀምጥ ቅጠል ይዞ ነው። የሚያወጣው ውኃና ዓይነ ምድር እንጂ ስብ አይደለም። «የተፈጥሮ» ተብለው በሚሸጡ ማክሻ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለ የክብደት መቀነሻ ተደብቆ በየአገሩ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ በልብ ሕመምና በስትሮክ ሥጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። ሻጩ ውሸታም ነው፤ ቢሆንም ሐኪሙ ያልሰጠውን ሰጥቷል፦ ቁጥርና ቀነ ቀጠሮ። ሐኪሙም «ሰማንያ ኪሎ ነህ፤ አምስት ወይም ስድስት ይበቃሃል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለህ ተራመድ። ከሦስት ወር በኋላ ና፣ ግፊትህንና ስኳርህን እንለካለን፤ ቦርጭህን አንለካም» ለማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።