ግማሽ ሰዓቷን ወሰዱብን

ባለፈው እሑድ ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ይዘን ተቀምጠን አንዱ ወዳጄ «ምን ያናድድሃል? ሌላው መዝናኛ ፓርክ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን፣ አለ አይደል?» አለኝ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ጨዋታውን አቋረጠን። እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ መዘጋት ነው። ኩባንያው በሜይ 2025 ሜሪላንድ፣ ቦዊ አጠገብ ያለው ፓርክ ከረጅም ጊዜ የዕድገት ዕቅዴ ጋር አይሄድም አለ። ኖቬምበር 2 ቀን በሩ ተዘጋ። የውሃ መጫወቻው ሀሪኬን ሃርበርም አብሮ ሄደ። ወደ 500 ኤከር የሚሆነው መሬት ለመልሶ ልማት ገበያ ሊወጣ ነው ተባለ። መልሶ ልማት የሚለውን ቃል እኛ ከፒያሳ እናውቀዋለን፤ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

እሺ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን አለ። የት? ቨርጂኒያ፣ ዶስዌል። ከዲሲ 80 ማይል ገደማ። በናይንቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና፣ በሰመር ቅዳሜ! ፍሬድሪክስበርግ ላይ ተገትሮ የማያውቅ ሰው ነው ይህን አማራጭ ብሎ የሚያቀርበው።

እኛን የሚያጥረን ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ሰዓት ነው። አባት ኡበር ይነዳል። እናት ሌሊት ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መንከባከቢያ፣ ትሠራለች። ሁለቱ የሚገናኙት በር ላይ ቁልፍ ሲቀባበሉ ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ግማሽ ሰዓት የሚርቅ ፓርክ ማለት ከቅዳሴ መልስ ልጆቹን ጭኖ፣ በዲሲ ዙሪያ መንገድ፣ በቤልትዌይ ሄዶ፣ ማታ ለሽፍት መድረስ ማለት ነው። እኔ ስንት ሰመር እንዲህ አሳልፌያለሁ። ፍርፍሩ በፎይል ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ ይቆያል። ሲርባቸው ፓርኪንግ እንወጣና የመኪናውን ኋላ ከፍተን እንበላለን። ልጆቹ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «አልበረደንም» ይላሉ፤ ተመልሰው ውሃው ውስጥ ናቸው። እኔ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ የጎረቤት ልጆችን ጨምሮ የሰባት ሰው ጫማ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እዚያው ጫማ ታቅፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። የዚያን ዓመት ዕረፍቴ እሷ ነበረች ብል አላጋነንኩም።

ዶስዌል ይህን ሁሉ ሙሉ ቀን ያደርገዋል። ሙሉ ቀን ማለት ደግሞ የአንድ ቀን ገቢ ነው። ስለዚህ አይኬድም። ልጁ ቤት ተጎልቶ ታብሌቱን ይነካካል። ከዚያ እኛው ስብሰባ ጠርተን «ልጆቻችን ከስክሪን አልነሳ አሉ» እንላለን።

ፓርኩ አርጅቶ ነበር የሚሉም አሉ። ይሁን፣ አርጅቷል። ከ1999 ጀምሮ ስሙን የለጠፈበት ማን ነው ታዲያ? ላሟን ሳያበሉ ወተት አነሳት ብሎ ለሉካንዳ መንዳት ነው ይሄ። እርጅና ወንጀል ከሆነማ፣ እዚያው የነበረው ዋይልድ ዋን የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል የሚወነጨፍ መጫወቻ ባቡር) በ1917 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተሠራ ነው። የነበረበት ፓርክ ሲዘጋ ተነቅሎ መጣ፤ በ1986 ሜሪላንድ ላይ እንደገና ቆመ። እንደኛው ስደተኛ ነው። በ70 ዓመቱ ገደማ አዲስ አገር ገብቶ ወደ 40 ዓመት ሲሠራ ኖረ።

አሁን ወዳጄ ያላሰበውን ልንገረው። ኪንግስ ዶሚኒየንም የዚሁ ኩባንያ ነው። ሲክስ ፍላግስና የኪንግስ ዶሚኒየን ባለቤት የነበረው ሴዳር ፌር በ2024 ሲዋሃዱ ሁለቱ ፓርኮች አንድ ጌታ ስር ገቡ። ዓመት ሳይሞላ የእኛው እንደሚዘጋ ተነገረ። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፣ እኔ አላምንም። የተነገረን «ቅርቡን ዘግተናል፣ ሩቁ ድረስ ነድታችሁ ለእኛው ክፈሉ» ነው። ወዳጄ ደግሞ ይህንኑ ያለ ደመወዝ ያስተዋውቅላቸዋል።

የኔ ትንሹ ለሱፐርማን ሮለር ኮስተር ቁመቱ ሁለት ጣት ጎድሎት ከመለኪያው ሥር አልቅሶ ተመልሷል። «ለከርሞ ትደርሳለህ» ብዬው ነበር። ትናንት በሩ ላይ በእርሳስ ለካሁት። ደርሷል። ስለ ዕድገት ዕቅዱ የሚያስረዳው ሰው ይላኩልኝ።