ጀማሪ ምላጩን ራሱ ይሳል ወይስ እጁን ይሰብስብ?

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ የዛገ ምላጭ ነው። ለገጣፎ የሚኖር ወጣት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲዞር እጀታው የተሰነጠቀ፣ አፉ ሁለት ቦታ የተሸረፈ የድሮ ታጣፊ ምላጭ አገኘ። ብረቱ ላይ «ዞሊንገን» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ በስለት ሥራዋ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። ያቺን ስም ሲያይ ልቡ ሸፈተና ገዛው። ከዚያ «ራሴ ስዬ ልላጭበት?» ብሎ ሁለት ሰው ጠየቀ፦ አንዱ የሠፈሩ አናጢ፣ ሌላው ወጣቱ ሥራ በሚውልበት ሰበታ ፀጉሩን የሚያስተካክልለት ባለሙያ። መልሳቸው ለየቅል ሆነ። ለክርክር ብሎ ከለገጣፎ ሰበታ ታክሲ እየቀያየረ የሚሄድ ስላልተገኘ በጽሑፍ ተመላለሱ።

አናጢው፣ ከለገጣፎ

ይሳለው እንጂ! ማንን ሊጠብቅ ነው? እዚህ ከከተማው ዳር ምላጭ ስሎ የሚሰጥ ሰው ካለ ቤቱን አሳዩኝ፣ እኔም እሄዳለሁ። ያሉት ቢላዋና ማጭድ የሚስሉ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሥራቸው በግራይንደር ነው። ምላጭ ግራይንደር አይነካም። ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ስለሆነ አፉ አካባቢ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ ሙቀቱ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነ ብረት ደግሞ ጥንካሬው አልቋል፤ ብትስለውም ወዲያው ይተኛል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ማዕዘኑን ነው። መሮ ስስል ማዕዘኑን የሚይዘው የእጄ አንጓ ነው፤ እሱን ለመልመድ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ምላጭ ግን ማዕዘኑን ይዞ ነው የሚወለደው። ድንጋዩ ላይ ጀርባውንም አፉንም አስተኝተህ ትገፋለህ፣ በቃ። የጀርባው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር፣ ከጀርባ እስከ አፍ ያለው ስፋት 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ አፉ ላይ የሚወጣው ማዕዘን 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደድክም ጠላህም። ጀርባውን እስካላነሳህ ድረስ ልትሳሳት አትችልም።

ድንጋይ ውድ ነው ለሚለኝም መልስ አለኝ። ባትላሜራ ቤቶች ስቱኮ በውሃ እያረጠቡ የሚፈትጉበት ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት አለ፤ 1000 ቁጥሩንም 2000ውንም ታገኛለህ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይለሰልሳል። ወፍራም መስታወት ላይ በውሃ አጣብቀው። የምላጩ ጀርባ እንዳይበላ አንድ ድርብ ናስትሮ ለጥፍበት። ከዚያ አፉን ከዳር እስከ ዳር በማርከር ቀባና አንድ ጊዜ ገፋ አድርገህ እይ። ቀለሙ እስከ ጫፉ ከለቀቀ አፉን አግኝተኸዋል። ጫፉ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ከቀረ ገና ትከሻውን፣ ከአፉ በላይ ያለውን፣ ነው የምትፍቀው። 1000 ላይ ሁለቱ ጎኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪገናኙ ድረስ ወደ ቀጣዩ እንዳታልፍ። ትልቁ ሥራ እሱ ነው። 4000 በለው 8000፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የቀደመውን ጭረት ማለስለስ ነው። ባለ ሁለት ፊቱ፣ ባለ 4000 እና 8000 ድንጋይ እኔ ጋ አለ፤ የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አምጥቶልኛል። ልጁ መጥቶ ይጠቀምበት።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሰበታ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ስለ ማዕዘኑ የጻፉት ልክ ነው። የከበደኝ አንዲት ቃል ናት፦ «ጀማሪ»። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ መሮና መላጊያ ሲስሉ የኖሩ ሰው ነዎት። ልጁ እኮ ስለት የሚያውቀው የሽንኩርት ቢላዋ በሲኒ ቂጥ ሲያሽ ነው። «ጀርባውን እስካላነሳህ ልትሳሳት አትችልም» ይሉታል። ያነሳዋላ! ምላጩን ሲያዞር፣ ስልኩ ሲጠራ፣ እጁ ሲዝል ያነሳዋል።

እኔ ስለትን መጠበቅና የሞተ ስለት ማስነሣትን ለየብቻ ነው የማየው። መጠበቁን ማንም ጀማሪ ይልመድ። ማስነሣቱን ግን ለጊዜው ይተወው። ሸረፋውን እንውሰድ። አንድ ሚሊ ሜትር የጠለቀ ሸረፋ እንዲጠፋ የቀረው አፍ በሙሉ አንድ ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ይህ በ1000 ቁጥር የሰዓታት ሥራ ነው። ጀማሪ ሰዓቱ ሲረዝምበት ይጫናል፤ የሚጫነው ደግሞ በጣቱ መሃሉን ነው፤ መሃሉ ይበላና አፉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። እንዲህ የሆነ ምላጭ እጄ ገብቶ ያውቃል፦ ጫፍና ጫፉ ጉንጭ ይወጋል፣ መሃሉ ፂም አይነካም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ብረት ነው፣ አይለቀምም።

ጋሼ ስለ ቆዳ፣ ምላጭ ከመላጨት በፊት ስለሚመላለስበት ጠፍር፣ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፍዎ ደግሞ ገርሞኛል። በየቀኑ የሚሠራው ሥራ እኮ እሱ ነው። ድንጋይ ላይ አፉ ይቀድማል፤ ቆዳ ላይ ግን ጀርባው ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ የሚገለበጠው በጀርባው ነው፤ በአፉ የገለበጠ ሰው ቆዳውንም ስለቱንም በአንድ ቅጽበት አጣ ማለት ነው። ቆዳው እንደ ጠፍር አልጋ መወጠር አለበት፤ ከረገበ አፉን ይጠቀለልበትና ስለቱን ያደነዝዘዋል። መጀመሪያ ከቆዳው ጋር የሚሰቀለው ሸራ ላይ ሃያ ሠላሳ ምልልስ፣ ከዚያ ቆዳው ላይ ሃምሳ ስልሳ፤ መጫን የለም፣ የምላጩ ክብደት ይበቃል። ቆዳው የበሬ ይሁን፤ የበግ ሌጦ ይለጠጣል። ከመላጨቱ በፊት ሁልጊዜ ይህን በትክክል የሚያደርግ ሰው ለወራት ድንጋይ ላያስፈልገው ይችላል።

አቧራም አለ። እኔ ያለሁበት መንገድ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ሲመላለስበት ነው የሚውለው። በር ላይ የሰቀልኩት ቆዳ በአንድ ቀን ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። ሳላስተውል ምላጬን አመላለስኩበት፤ ጠዋት ስላጭ እንደ መጋዝ ነጨኝ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች። ከዚያ ወዲህ ቆዳዬን ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ከመጠቀሜ በፊት በመዳፌ እጠርገዋለሁ። ዓይን ያላየውን ቅንጣት መዳፍ ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ራሴ ምላጭ ነው። ደንበኛ በእሱ አልነካም። «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አንጠቀም» የሚለውን ማስተማሪያ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ለእያንዳንዱ ሰው ዓይኑ እያየ አዲስ ግማሽ ምላጭ እሰካለሁ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ልጁም ቢሆን ምላጩን ለወንድሙ እንዳያውስ።

አናጢው፣ ከለገጣፎ

ልጄ፣ የቆዳውን ተቀብያለሁ። ዘንግቼው አይደለም ልልህ ነበር፤ ዘንግቼው ነው።

«አናጢ ስለሆኑ ቀለለዎት» የምትለው ግን ተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያ ምላጬን ያበላሸሁት አናጢ ስለሆንኩ ነው! መሮ ስትስል ክንድህን ጥለህበት ትገፋለህ። ምላጩንም እንደዚያ ገፋሁት፤ ናስትሮም አልለጠፍኩበት። አፉ ቀጭን ነው፣ ሲጫኑት ይታጠፋል፤ ከድንጋዩ ይሸሻል። በሁለት ቀን ውስጥ ጀርባው ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ አወጣ፣ አፉ ግን ቅቤ አይቆርጥም። ባለቤቴ «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብላ ሳቀችብኝ። የኔ እጅ መጀመሪያ የለመደውን መርሳት ነበረበት። የልጁ እጅ የሚረሳው ነገር የለውም።

ደግሞስ ድንጋይ ላይ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ቆዳ ላይ ያጠፋውን በምን ያውቃል? ስለቱ ሲጠፋበት ጠፋ ይላል እንጂ ምን እንዳጠፋው አይገባውም። እኔ የምመክረው ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን አጉሊ መነጽር እንዲገዛ ነው። የምላጩን አፍ ወደ ብርሃን አቅንቶ ፊት ለፊት ይየው። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካየ እዚያ ቦታ ላይ ስለት የለም፤ ስለት የሆነ ነገር ብርሃን የሚመልስበት ወርድ የለውም። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ልጅ ቆዳው ላይ እጁ ይለሰልሳል። አንተ «መጀመሪያ ቆዳ፣ ድንጋዩ ይቆይ» ትላለህ። እኔ ደግሞ ድንጋዩ ነው ቆዳውን የሚያስተምረው እላለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሰበታ

ጋሼ፣ ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ ዝም ያልኩት በአክብሮት ነበር፤ እንግዲህ ልናገር። ወረቀት ድንጋይ አይደለም። አፉን አስቀድመው ሲገፉት ከፊቱ ትንሽ ሞገድ ያነሳል፤ ያቺ ሞገድ ስለቱን ታዶለዱመዋለች፣ ከባሰም ወረቀቱ ይቀደዳል። ወደ ኋላ ብቻ ከጎተቱት ደግሞ ጫፉ ላይ ከፀጉር የቀጠነች ብረት ትታጠፋለች፤ ስለት ትመስላለች፣ ጉንጭ ላይ ስትደርስ ትረግፋለች።

በ2000 ላይ ያቆመ ምላጭ የክንድ ፀጉር ይቆርጣል። ልጁ ክንዱን ላጭቶ ይፈነድቃል፤ ከዚያ ጉንጩ ላይ ሲያሳርፈው እንባው ይመጣል። የክንድ ፀጉር እኮ በ1000 በደንብ የወጣም ይቆርጠዋል። ለፊት የደረሰ ምላጭ አንዲት ፀጉር በሁለት ጣት አንጠልጥለው ስለቱ ላይ ሲያወርዷት ሳይጎትት የሚበጥስ ነው።

ይህን የማከብደው አንገት ስለማይ ነው። የብዙዎቻችን ፂም ጥቅልል ነው። ጥቅልል ፂም ቆዳ ተጠግቶ ሲቆረጥ፣ ሲያድግ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና አንገቱን በብጉር ይሞላል። የደነዘ ምላጭ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ቦታ አራቴ አምስቴ ይመላለሳል፤ አልቆርጥ ሲለው ከታች ወደ ላይ ይገለብጣል። ከሳምንት በኋላ «አንገቴን ምን ነካው?» ብሎ እኔ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጁ አንድ ቀን ለመላጨት ከበቃ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ ምላጩን 30 ዲግሪ ያህል አጋድሞ፣ ፀጉሩ በሚወርድበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ ይሂድ። የቀረው ይቅር።

«ዞሊንገን» የሚለው ጽሑፍም አያታልለው። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ነው። ግን የጀርመን ሕግ ምናለሽ ተራ ድረስ አይመጣም።

አናጢው፣ ከለገጣፎ

ትናንት ልጁ ምላጩን ይዞልኝ መጣ። ዝገቱን በስስ ብርጭቆ ወረቀትና በስፌት ማሽን ዘይት ቀስ እያልኩ ጠረግሁት። (ቤቱ ወስዶ የኑግ ዘይት ቀብቶት ነበር፤ ደርቆ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። የምግብ ዘይት ለምላጭ አይሆንም።) ከሁለቱ ሸረፋዎች አንዱ ሸረፋ ነው፣ በትዕግሥት ይለቃል። ከሁለተኛው ሥር ግን ወደ ጀርባው የምትሄድ ጥቁር ፀጉር የመሰለች መስመር ወጣች። ብጠርግ ብጠርግ አልጠፋ አለች። ጥፍሬን ሳሳልፍባት ያዘችው። ስንጥቅ ናት። የተሰነጠቀ ምላጭ አይሳልም፤ ፊት ላይ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ያ ምላጭ ተሸንፏል። እኔ ግን አልተሸነፍኩም።

ያበላሸሁትን የመጀመሪያ ምላጬን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። ያ ከዚህ በላይ አይበላሽም። ቧንቧው ደርቆ ስለነበር ከጀሪካን ውሃ ቀዳን፤ ድንጋዩን አረጠበ፣ ናስትሮውን ለጠፈ፣ ማርከር ቀባ፣ እስኪመሽ ገፋ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ይህ ሥራ እንደሆነ መብራት አይፈልግም። ጀርባውን ሁለት ጊዜ አነሳ፣ ቆጥሬአለሁ። ሦስተኛ ሊያነሳ ሲል ማርከሩን አየና ራሱ ቆመ። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ወረቀቱን እንኳ ትቼዋለሁ፤ አንተ ስላልክ ሳይሆን ድንጋዩ ስላለ። ቆዳም አዘጋጅቼለታለሁ፣ የበሬ፣ ወርክሾፑ በር ላይ ተወጥሮ ተሰቅሏል።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሰበታ

ሁለቴ ብቻ ካነሳ ጎበዝ ነው፤ እኔ የመጀመሪያ ቀን ቆጠራውን ትቼ ነበር። ይግፋ እንግዲህ፤ ፀጉሯ ተንጠልጥላ እስክትበጠስለት ድረስ ግን ፊቱ ላይ እንዳያሳርፈው። ቆዳውን ግን ጋሼ፣ ዛሬውኑ ከበሩ ላይ ያውርዱት።