እርማት፦ የፍቅረኞች እፎይታ የተሰረዘ መብት አልነበረም

በካዙኦ ኢሺጉሮ «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» (2005 እ.ኤ.አ.) ልብ ወለድ ውስጥ «ከልብ የተዋደዱ ክሎኖች (አካላቸውን እንዲለግሱ ተብለው በቅጂ የተፈጠሩ ሰዎች) የአካል ልገሳቸው ሦስት ወይም አራት ዓመት ይራዘምላቸው ነበር፤ ሄልሸም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ቀረ» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ከመነሻውም አልነበረም። በሄልሸም ያደጉት ፍቅረኞች ካቲና ቶሚ የተማሪዎቹን ሥዕል ትሰበስብ ወደነበረችው ማዳም ቤት ድረስ ሄደው ሲጠይቁ፣ የቀድሞዋ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሚስ ኤሚሊ፣ ሄልሸም በደመቀበት ዘመንም ወሬው እውነት እንዳልነበረ በግልጽ ትነግራቸዋለች።

ስህተቱ የሚመጣው ከቶሚ ግምት ይመስለኛል። ማዳም የተማሪዎቹን ሥዕል የምትሰበስበው ፍቅራቸውን ለመመዘን ነው ብሎ ያምናል፤ አንባቢም አብሮት ያምናል። ሥዕሎቹ ግን ሚኒስትሮችና ጳጳሳት ጭምር በሚገኙባቸው ዐውደ ርእዮች ይታዩ ነበር፤ ዓላማው ክሎኖችም ነፍስ እንዳላቸው ማሳየት ብቻ ነው። ሄልሸምን ለመዘጋት ካበቁት ምክንያቶች ዋናው የሞርኒንግዴል ቅሌት ነው፦ ስኮትላንድ ውስጥ የላቀ ችሎታ ያላቸው ልጆችን ለመፍጠር የሞከረ ሳይንቲስት ሕዝቡን አስደነገጠ፣ ገንዘብ ሰጪዎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ።

የካቲና የቶሚ ጓደኛ ሩትም የማዳምን አድራሻ የሰጠቻቸው ልታታልላቸው ብላ አይደለም (ይህም ይባላል)። ለዓመታት ስለለያየቻቸው ልትክሳቸው ፈልጋ ነው፤ ወሬውንም እሷ ራሷ ተስፋ አድርጋበታለች።