ሰሙ ሕዋስ፣ ወርቁ ሽንኩርት

ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት መቆም ለመምህር የሚመጥን ሥራ አይደለም። ይህን ያስረዱን ራሳቸው አንዳንድ መምህራን ናቸውና ምስጋናችን ይድረሳቸው። መምህሩ ደብተሩን ለክፍል አለቃው ይሰጣል፤ አለቃው ሰሌዳው ላይ ይገለብጣል፤ ስድሳው ተማሪ ከሰሌዳው ይገለብጣል፤ መምህሩ ከአጥሩ ማዶ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን ይገላልጣል። ሥራ የፈታ የለም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በየሥልጠናው «ተማሪ ተኮር» ሲባል ከርሟል። ተማሪው ራሱ ከሚያስተምርበት ክፍል የበለጠ ተማሪ ተኮር ከወዴት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍል የሚማረውን የእህቴን ልጅ ባዮሎጂ ላስጠናው ተቀመጥሁ። የሕዋስ ክፍሎችን ቁጠርልኝ አልሁት። «ሜምብሬን፣ ሳይቶፕላዝም፣ ኒውክለስ፣ ሽንኩርት ሁለት ኪሎ» አለ፣ ሳይደናቀፍ። ደብተሩን ተቀብዬ አየሁ። እውነትም ተጽፏል፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ቀጥሎ «ዘይት አንድ ሊትር»፣ ከሥሩ «ለዕቁብ 500»። ለካ መምህሩ አስቤዛውን የመዘገበው በማስተማሪያ ደብተሩ ኅዳግ ላይ ኖሯል፤ አለቃው ደግሞ ታማኝ ልጅ ነውና አንዲት ፊደል አልዘለለም። ስድሳ ልጆች ዘይቱን ከኒውክለሱ ጋር ሸምድደውታል። አንዲት ጎበዝማ ዕቁብ በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ እንደሌለ፣ በተክል ብቻ እንደሚገኝ ለጓደኞቿ አስረድታለች አሉ።

መቼም የጎጃም ሰው ነኝና ቅኔው አልጠፋኝም፤ ሰሙ ሕዋስ፣ ወርቁ ሽንኩርት። ደግሞስ ሕዋስን በአጉሊ መነጽር ለማየት የሚቀርበው ስስ የሽንኩርት ልጣጭ አይደለም? መምህራችን ቤተ ሙከራው ተቆልፎ እንደሚከርም ስላወቀ ሽንኩርቱን በጽሑፍ አቀረበው። (ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ነው።)

የጎጃሙ ዋሸራ ቅኔ ቤት የኔታዎች ይህ ሥልጣኔ አልደረሳቸውም ነበር። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ሲነግራቸው ጆሮ ሰጥተው፣ ቃል በቃል ሲያርሙ ይውላሉ። አበል የለ፣ የሙያ ማሻሻያ ማኅደር የለ፣ አለቃ ወክሎ ሹልክ ማለት የለ። ኋላ ቀርነት ነው!

ደመወዙ ከወር ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ፤ የመምህር ልጅ ነኝ። ነገር ግን የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር በእግሩ የመጣን፣ በኪራይ ክፍል ለአራት የሚያድርን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የባከነበት ጊዜ ያልበቃውን ልጅ ክፍለ ጊዜውን በሻይ መንጠቅ ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰነፉ ተማሪው ብቻ ሆነ፤ ሻይ ቤቱን ያነሣ አልነበረም።

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናው ልመለስ።

ማክሰኞ ፈተና አለ። የእህቴ ልጅ «ሽንኩርቱን ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ቢለኝ፣ ጻፈው አልሁት። ወረቀቱን የሚያርመው አለቃው ነው።