ሳክስፎን አስተርጓሚ አይፈልግም

እዚህ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለ አንድ ካፌ ቅዳሜ ማታ ዘፋኝ የሌለባቸውን የኢትዮ ጃዝ አልበሞች ከዳር እስከ ዳር ያስደምጣል። ደስ የሚል ነገር ነበር። ሰሞኑን ግን በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ከአሁን በኋላ ሙዚቃው እየተሰማ ታሪኩን የሚያብራራ ሰው ይኖራል። ምክንያቱ? «ግጥም ስለሌለው የአካባቢው አድማጭ መልእክቱን አይረዳም።»

የአካባቢው አድማጭ! ከመሃል ከተማ ስንወጣ ጆሯችንን እዚያው ጥለን የመጣን መሰላቸው እንዴ?

እስቲ ጌታቸው መኩሪያን እንውሰድ። ሰውየው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ ነው። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን አልበሙን ስሙት። መጀመሪያ ድምፁን ረዘም አድርጎ ይጎትታል፤ ሰው እየጠራ ነው። ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይሰብረዋል፣ ቁጭት ይገባበታል። ወዲያው ደግሞ ይዝታል። ትንፋሹ የት ጋ እንደሚቆረጥ ልብ ያለ ሰው ታሪኩን ይዞታል፤ ምን ቀረው? ባለፈው ይኸው ሲከፈት፣ ጥግ ላይ ማኪያቶ የያዙ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ብድግ አድርገው «ዘራፍ!» አሉ። ማን አስረዳቸው? ከኋላቸው ያሉት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው ስልካቸውን አስቀመጡ። በዚህ መሃል አንዱ ማይክ ይዞ ተነስቶ «አሁን ጀግናው ጠላቱን እያስፈራራ ነው» ይበለን? ያሳፍራል።

ደግሞ አንዱ አዘጋጅ «ሁሉም የየራሱን ስለሚሰማ ጃዝ አንድ ታሪክ የለውም» አለኝ። ትዝታ ከነግጥሙ ሲዘፈንስ ሁላችንም አንድ ሰው ነው እንዴ የምናስበው? እኔ ያጣኋትን አስባለሁ። ጎረቤቴ የተነሳበትን ሰፈር ያስባል። ታዲያ ትዝታም ታሪክ የለውም ልንል ነው?

ዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977፣ በደርግ ዘመን ነው። ያኔ ግጥም ሳንሱር ያየዋል። የባንዱን ተጫዋች የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ግን ማን ይሰርዘዋል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ያ ኦርጋን ብቻውን፣ የዘመኑ ዘፋኞች ሁሉ ተሰብስበው ያልተፈቀደላቸውን ተናግሯል።

የተጫዋቾቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በአንዲት ወረቀት ቢያድሉን እሰየው፤ እሱን አልቃወምም። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ማይኩን ያጥፉልን።